ስለ ዕጩዎች የቆዩ ቪዲዮዎች ለምርጫ ቦርድ፣ ለፓርቲዎችና ለመገናኛ ብዙኃን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
ለፖለቲካ ፓርቲዎች አመራሮች በሙሉ
ለመገናኛ ብዙኃን አዘጋጆች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዕጩዎችና የተሿሚዎች የቀድሞ የአደባባይ ንግግሮች ሙሉ ሆነው፣ ከነቀናቸው ለሕዝብ ክፍት እንዲቆዩ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ በቪዲዮ ቅንብር ሥራ የምተዳደርና በዚሁ ሰፈር ድምፅ የምሰጥ ዜጋ ነኝ። አንድ ሰው ለምርጫ በታጨ ወይም ለሹመት በተሰየመ ማግስት ከዓመታት በፊት የተናገረው ንግግር ከዩቲዩብና ከፌስቡክ እየተቆፈረ ሲወጣ፣ ተቃዋሚው «ማንነቱ ይኸው» ሲል፣ ደጋፊው «ቆርጠው የቀጠሉት ነው» ሲል፣ ባለቤቱ ደግሞ የቆየ ገጹን ዘግቶ ዝምታን ሲመርጥ ሁላችንም አይተናል። በዚህ ሁሉ መካከል ተጎጂው መራጩ ነው። ሙሉውን ንግግር አላየም፤ መቼና የት እንደተነገረ አልተነገረውም፤ ተናጋሪው ዛሬም እንደዚያው ያስብ እንደሆነ የጠየቀለት የለም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር ይህ ነው፦ የአንድ ፖለቲከኛ የቆየ የአደባባይ ንግግር መነጋገሪያ ሲሆን ሙሉው፣ ከነቀኑና ከነቦታው፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ይገኝ፤ ባለቤቱም አይሰርዘው፣ ይልቁንም መልስ ይስጥበት።

ነገሩ ክብደት የሚኖረው የዛሬው ፖለቲከኛ ለዕውቅና የሚበቃበት መንገድ ከቀድሞው የተለየ በመሆኑ ነው። በ1990ዎቹ የፖለቲካ ሰው የሚታወቀው በጋዜጣ ጽሑፉ፣ በአዳራሽ ንግግሩ፣ አለዚያም በእስሩ ነበር። አራት ኪሎ ላይ ከጋዜጣ አከራዮች ጋዜጣ ተከራይቶ የአጥር ጥግ ይዞ ያነብ የነበረ ሰው ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነጸሐፊው ስምና ከነዕለቱ ነበር የሚያገኘው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፉትን የፓርቲዎች ክርክሮች በቤቱም ሆነ በየሻይ ቤቱ የተከታተለ ሰው ተከራካሪው ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ ሲረታም ሆነ ሲያመልጥ አይቷል። በክርክሮቹ ይዘት ባይስማማ እንኳ ማን ምን እንዳለ አይጠራጠርም ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በፌስቡክ በቀጥታ መናገር ቻለ። በ2010 ዓ.ም. የመጣውን ለውጥ ተከትሎ በውጭ አገር የነበሩ ድርጅቶችና መገናኛ ብዙኃን ወደ አገር ሲመለሱም፣ በስደት ሳሉ በካሜራ ፊት ለዓመታት የተናገሩትን ሁሉ ይዘው ነው የተመለሱት። ዛሬ በየፓርቲው ካሉት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ሕዝብ ያወቃቸው በምሽት የቀጥታ ስርጭታቸው እንጂ በፓርቲ ሥራቸው አይደለም።

ፓርቲ እንዲህ ያለውን ሰው ሲጋብዘው ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ የተከታዩ ብዛት ነው። ያ ተከታይ ደግሞ የመጣው በእነዚያው ቪዲዮዎች፣ ብዙውን ጊዜም በጣም በከረሩት ቪዲዮዎች ነው። ሰውየው ዕጩ ሲሆን ቪዲዮዎቹን አጥፍቶ ተከታዮቹን ይዞ መቀጠል የሚችል ከሆነ፣ መራጩ የዝናውን ፍሬ እንጂ የዝናውን ምንጭ እንዳያይ ተደርጓል ማለት ነው። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ለቃል የሰጡትን ክብደት ለማሳየት ነው። የሕዝብ ውክልና የሚፈልግ ሰው ከዚህ መለኪያ የሚያመልጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁንና ቁራጩን የሚያሰራጨው ወገንም ከተጠያቂነት ነጻ አይደለም። በሙያዬ ምክንያት በቅርብ የማውቀው ይህንን በመሆኑ፣ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድን ንግግር ለማጣመም የሐሰት ምስል መፍጠር አያስፈልግም። ሁለት ሰዓት ከሚፈጀው ንግግር ውስጥ አርባ ሰከንድ መርጦ ማውጣት ይበቃል። የጣቢያው ምልክት ያለበት የምስሉ ጠርዝ ሲቆረጥ ቪዲዮው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ምስሉ ግራና ቀኙ ሲገለበጥ የመድረኩ ሰሌዳ ጽሑፍ አይነበብም፤ ፍጥነቱ በጥቂቱ ሲቀነስ ተናጋሪው የሰከረ ወይም የደከመ ይመስላል፤ ከሌላ ስብሰባ የተወሰደ ጭብጨባ ከሥሩ ሲገባ ሕዝቡ የደገፈው ያስመስላል። በላዩ ላይ በቀይ ፊደል የሚጻፈው ርዕስ ደግሞ ተመልካቹ ድምፁን ሳይሰማ በፊት ፍርዱን ይሰጠዋል። እነዚህ ሁሉ በማንኛውም ስልክ ላይ በነጻ በሚገኝ መተግበሪያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

በአማርኛ ንግግር ላይ ደግሞ የተለየ አደጋ አለ። እኛ የሌላውን ሰው ቃል ስንጠቅስ ቃሉን አስቀድመን፣ «ብለዋል» ወይም «የሚሉ አሉ» የሚለውን በመጨረሻ ነው የምናመጣው። መቀሱ ከዚያች ማሰሪያ በፊት ካረፈ የሌላው ሰው ስድብ የተናጋሪው የራሱ ስድብ ይሆናል። አንድ ወጣት በፍላሽ የያዘውን ረጅም የቀጥታ ስርጭት ይዞ ወደ ስቱዲዮአችን መጥቶ ያዘዘኝ ሥራ ይኸው ነበር። በቅጂው ላይ ተናጋሪው አንዳንድ ሰዎች ስለ አንድ ማኅበረሰብ የሚያወሩትን ክፉ ነገር ጠቅሶ ወዲያው በብርቱ ቃል ይነቅፈዋል። ደንበኛዬ የፈለገው ጥቅሱ እንዲቀርና ነቀፋው እንዲወጣ ነው። ከየት ሰከንድ እስከ የት ሰከንድ እንደሚቆረጥ በወረቀት ጽፎ መጥቷል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ የሚወስድበትን ቅጽበት ሳይቀር መርጦታል። ሥራውን አልተቀበልኩም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያው ቁራጭ በስልኬ ደረሰኝ፤ በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከሥሩ የሚሰጡት አስተያየቶች ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን ወገኔ የሚለውን ሕዝብ ሁሉ የሚረግሙ ነበሩ። ሰውየውን አልደግፈውም፤ ብዙ አቋሞቹንም እቃወማለሁ። ያ ቁራጭ ግን እርሱ ያላለውን አስብሎታል፤ ያንን ያየ መራጭ ሁሉ የፈረደበት ባላደረገው ነገር ነው።

የቀን ጉዳይም ከዚህ የማይተናነስ ነው። አንድ ሰው የቆየ ቪዲዮ አውርዶ በራሱ ገጽ ሲጭነው የሚታየው የተጫነበት ቀን እንጂ የተቀረጸበት ቀን አይደለም። በአገራችን ሁለት የዘመን አቆጣጠር አብረው ስለሚሠራባቸውም ስህተቱ ይባባሳል። «2012» ተብሎ የተጻፈበት ቪዲዮ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ስድስተኛው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት የተራዘመበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን በአብዛኛው 2004 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል የመንግሥት ለውጥ፣ የፓርቲዎች መፍረስና መዋሐድ፣ የብዙ ሰዎች ከእስር መውጣትና ከስደት መመለስ አለ። በ2004 ዓ.ም. ስለ አንድ ድርጅት የተነገረ ነገር በ2012 ዓ.ም. እንደተነገረ ከተወሰደ ትርጉሙ ጭራሽ ይለወጣል። ቀኑን ከነአቆጣጠሩ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደሚታለፍ አይገባኝም።

ሙሉውን ቅጂ የማየት ልማድ ምን ያህል እንደሚያድን፣ ምን ያህልም እንደሚያጋልጥ በሌላ አገር የሆኑ ሁለት ነገሮች በደንብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የጆርጂያ ግዛት የገጠር ልማት ኃላፊ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊት ሸርሊ ሼሮድ፣ አንድን ነጭ ገበሬ የሚችሉትን ያህል እንዳልረዱ ሲናገሩ የሚያሳይ ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ቁራጭ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ባለሥልጣኖቻቸው ወዲያውኑ ሥራቸውን እንዲለቁ አስገደዷቸው፤ ንግግሩን ያደረጉበት የጥቁሮች መብት ማኅበር ሳይቀር አወገዛቸው። ከአርባ ደቂቃ በላይ የሚፈጀው ሙሉው ንግግር ሲወጣ ግን ታሪኩ ከሃያ ዓመታት በፊት የሆነ እንደነበር፣ ሴትዮዋ በመጨረሻ ገበሬው መሬቱን እንዳያጣ እንደረዱት፣ የሚናገሩትም ዘርን ተሻግሮ ስለማሰብ እንደነበር ታወቀ። ገበሬውና ሚስቱ ራሳቸው ወጥተው መሰከሩላቸው። የግብርና ሚኒስትሩ ቶም ቪልሳክ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ሥራ ቢያቀርቡላቸውም ሼሮድ አልተቀበሉም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012፣ ማዘር ጆንስ የተባለው መጽሔት የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሚት ሮምኒ ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ ላይ ከመራጩ 47 በመቶው በመንግሥት ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ሲናገሩ በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ አወጣ። ሮምኒ ሙሉው ይውጣ አሉ። መጽሔቱ በማግስቱ ሙሉውን አወጣ፤ በመካከል መቅረጫው ቆሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደጎደለም አልደበቀም። ሙሉው ሲታይ ግን የንግግሩ ፍሬ ነገር ያው ነበር፤ ዕጩውም በኋላ አባባላቸው ፍጹም ስህተት እንደነበር ተናገሩ። በመጀመሪያው ታሪክ ሙሉው ቅጂ ሰው አዳነ፤ በሁለተኛው የሕዝብን ጥርጣሬ አጸና። በሁለቱም ግን ፍርዱን የሰጠው ማስረጃው እንጂ የደጋፊና የተቃዋሚ ጩኸት አልነበረም። እኔ ለአገሬ የምመኘው ይህንን ነው።

አሁን ያለን ሕግ ችግሩን በከፊል ብቻ ነው የሚነካው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠብቃል። ሆኖም በብልሃት የተቆረጠ ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስሉ እውነት፣ እያንዳንዱ ቃሉም ከተናጋሪው አፍ የወጣ ነው። ሐሰቱ ያለው በጎደለው ክፍል ውስጥ በመሆኑ በፍርድ ቤት ለማስረዳት አዳጋች ይሆናል፤ እስኪረጋገጥ ድረስም ምርጫው ያልቃል። ከዚህም በላይ፣ እያንዳንዱን የቆየ ቪዲዮ በወንጀል ሕግ መፍታት ከተጀመረ ሥልጣን ላይ ያለው ወገን የራሱን የትናንት ንግግር የሚያነሡበትን ሁሉ ዝም ለማሰኘት መንገድ ያገኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትንና የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን አብሮ ነው ያረጋገጠው። አንቀጽ 12 ደግሞ ማንኛውም የተመረጠ ሰው ለሕዝብ ተጠያቂ መሆኑን፣ ሕዝቡም እምነት ባጣበት ጊዜ ተወካዩን ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። አመኔታ የሚሰጠውም ሆነ የሚነሣው በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ የተወካዩ የቀድሞ ንግግር የመረጃው አንድ አካል ነው። ስለዚህ ቪዲዮዎች ይነሡ፣ ይታገዱ የሚል ጥያቄ የለኝም፤ ጥያቄዬ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሁሉም ቪዲዮ ግን እኩል አይደለም፤ እዚህ ላይ የራሴን ዳኝነት በግልጽ ላስቀምጥ። ሰው በቤቱ፣ በጓደኛው ሠርግ፣ በልደት ግብዣ ላይ ሲጨፍር ወይም ሲቀልድ የተቀረጸው ነገር፣ ከሕዝብ ሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር እስከሌለ ድረስ፣ የማንም ጉዳይ አይደለም። የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሳና ማሪን እ.ኤ.አ. በ2022 ከወዳጆቻቸው ጋር ሲጨፍሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ስለወጣባቸው የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እስከማድረግ ደርሰው ነበር፤ ውጤቱም ነጻ ሆነ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር በተለይ በሴት ፖለቲከኞች ላይ ሲደርስ የሚያስከትለው ውርደት ከዚያ እጅግ የከፋ በመሆኑ፣ አንዲት ሴት ዕጩ ገና በተሰየመች ማግስት የአለባበሷንና የጭፈራዋን ምስል ፍለጋ የሚሰማሩ ሰዎችን ፓርቲዋ ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪዎቿም ሊያወግዙ ይገባል። የልጅነት ነገርም እንዲሁ መታለፍ አለበት። በሕጋችን 21 ዓመት የሞላው ሰው ዕጩ መሆን ይችላል፤ ከእንግዲህ ወደ ፓርላማ የሚገባው ትውልድ ደግሞ ጉርምስናውን በሙሉ በስልክ ካሜራ ፊት ያሳለፈ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት የተለቀቀ የቲክቶክ ቀልድ የሠላሳ ዓመት ሰው መመዘኛ ከሆነ ለሕዝብ ሥራ የሚደፍር ወጣት አናገኝም።

የአደባባይ የፖለቲካ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ሰው አቋሙን ይለውጣል፤ አንዳንዴም መለወጡ የሚያስከብረው ነው። በአንድ ወቅት ትጥቅ ትግልን ይደግፍ የነበረ ሰው ዛሬ በምርጫ ሳጥን አምናለሁ ቢል እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ምን አይቶ፣ ምን ተምሮ እንደተለወጠ ከራሱ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ። «ያኔ ጊዜው ነበር» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ጊዜውማ ለሁላችንም አንድ ነበር፣ እንደ እርሱ ያልተናገሩም ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዎች በማንነታቸው እንዲጠሉ፣ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠቁ የሚቀሰቅስ ንግግር ነው። በአገራችን በንግግር ምክንያት ደም ፈስሷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ሰው ከኖረበት ቀዬ ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ለሕዝብ ወንበር ሲቀርብ አስቀድሞ ሊያናግር የሚገባው ያኔ የተነገረባቸውን ሰዎች ነው። በጋዜጠኞች ፊት የሚነበብ አጭር መግለጫ ያንን አይተካም። ቃሉ የወንጀል ደረጃ የሚደርስ ከሆነም ሕግ አለ፤ ዕጩነት ከሕግ መጠለያ ሊሆን አይገባም። ይህን የምለው ለየትኛውም ወገን ሳላደላ ነው፤ በየአቅጣጫው ያሉት ፓርቲዎች እንዲህ ያለ ሰው አንድም የለብንም ብለው ደፍረው የሚምሉ አይመስለኝም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ጊዜ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው ቀን ጥቂት ቀናት በፊት ይቆማል፤ ያም የጥሞና ወቅት ነው። ፓርቲዎች ዝም በሚሉበት በዚያ ወቅት በቴሌግራም የሚለቀቅ ቪዲዮ መልስ የሚሰጥበት አይኖርም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በስሎቫኪያ የሆነው ይኸው ነው። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው፣ ሕጉ የቅስቀሳ ዝምታን በሚያዝበት ሰዓት፣ የአንድ ትልቅ ፓርቲ መሪ የሆኑት ሚኻል ሺሜችካ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ምርጫ ስለማጭበርበር ሲነጋገሩ የሚመስል የድምፅ ቅጂ ተሰራጨ። ሁለቱም ሐሰት ነው አሉ፤ የመረመሩት ሰዎችም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ የመሆን ምልክት አገኙበት። ይሁን እንጂ ማስተባበያው የቅጂውን ያህል መራጭ ዘንድ ሊደርስ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም። ዛሬ የአማርኛ ድምፅን አስመስሎ መሥራት ከዕለት ወደ ዕለት እየቀለለ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ጉዳት ይመጣል፦ ያልተናገረ ሰው እንደተናገረ ይቆጠራል፤ በእርግጥ የተናገረው ሰው ደግሞ «በኮምፒዩተር የተሠራ ነው» ብሎ ይክዳል። ሁለቱንም የሚረታው ቀኑና ምንጩ የታወቀ፣ አስቀድሞ የተቀመጠ ሙሉ ቅጂ ነው።

ስለዚህ ምርጫ ቦርድን የምጠይቀው፣ ዕጩዎች ሲመዘገቡ በስማቸው ወይም በሚያስተዳድሩት ስም የሚታወቁ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውንና የዩቲዩብ ቻናሎቻቸውን እንዲያስመዘግቡ፣ በእነዚያ ላይ ያለውን የአደባባይ ንግግርም ከምዝገባ ጀምሮ ምርጫው እስኪያልቅ፣ ከተመረጡ ደግሞ የሥራ ዘመናቸው እስኪፈጸም እንዳይሰርዙ ቃል እንዲገቡ ነው። ከዚህ ጋር፣ ቦርዱ በቅስቀሳውና በተለይም በጥሞናው ወቅት ክርክር የተነሣበትን ቪዲዮ በተመለከተ ሙሉው ቅጂ አለ ወይስ የለም፣ የት ይገኛል፣ መቼ ተቀረጸ የሚለውን ብቻ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕዝብ የሚያሳውቅ አነስተኛ የሥራ ክፍል ቢያቋቁም ትልቅ እፎይታ ይሆናል። ንግግሩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ብሎ እንዲፈርድ አልጠይቅም፤ ያ የመራጩ ሥራ ነው። ቦርዱ የድምፅ አሰጣጥን አቤቱታ የሚሰሙ ኮሚቴዎችን እስከ ምርጫ ጣቢያ ድረስ ማደራጀት ከቻለ ይህንን ማድረግ አያቅተውም ብዬ አምናለሁ። የታተመ መጽሐፍ ቅጂ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እንዲገባ የሚያዝ ሕግ ባለበት አገር፣ የፓርላማ ዕጩዎች የአደባባይ ንግግሮችም ወደ ወመዘክር ገብተው የሚቀመጡበትን መንገድ ቦርዱ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ቢመክርበት መልካም ነው።

ፓርቲዎች ዕጩ ከማቅረባቸው በፊት የሰውየውን የቆዩ ንግግሮች ራሳቸው ተቀምጠው ይመልከቱ። ሕዝብ በሰዓታት ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘውን ነገር ፓርቲ አላውቅም ነበር ቢል የሚያምነው የለም። የሚያስጠይቅ ነገር ካለ ዕጩው ከመቅረቡ በፊት በራሱ አንደበት ያንሣው፤ የሚያስነውር ከሆነም ሌላ ሰው ያቅርቡ። ተፎካካሪን ለመምታት ቁራጭ የሚያዘጋጁ የፓርቲ ወጣቶችና የሚከፈላቸው ባለገጾች መኖራቸውን ደግሞ አመራሮቹ ያውቃሉ፤ እንዲያስቆሙ እጠይቃለሁ። ስቱዲዮዎች ትእዛዙ ካልመጣላቸው አይቆርጡም።

ጋዜጠኞችና የዩቲዩብ ዝግጅት ባለቤቶች የአንድን ፖለቲከኛ የቆየ ቪዲዮ ከማሳየታቸው በፊት የተቀረጸበትን ቀን ከነአቆጣጠሩ፣ ቦታውን፣ የሙሉውን ርዝመትና የት እንደሚገኝ ይግለጹ። ሙሉውን ማግኘት ካልቻሉ አለማግኘታቸውን በግልጽ ይናገሩ። ለባለቤቱም ደውለው መልስ ይጠይቁ፤ መልሱንም ቁራጩ በተሰጠው ያህል ቦታና ሰዓት ያቅርቡ። ከምርጫ በፊት ለፓርቲዎች በሚመደበው የክርክር ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ተከራካሪ ስለ አንድ የቆየ ንግግሩ፣ ሙሉው ከታየ በኋላ፣ የሚጠየቅበት ክፍል ቢኖር እኔ የመጀመሪያው ተመልካች እሆናለሁ።

ይህን ሁሉ የምጠይቀው ሥራውን ለሌላው ትቼ ለመቀመጥ አይደለም። ቦርዱ እንዲህ ያለ የሥራ ክፍል ካቋቋመ ቁራጩን ከሙሉው ጋር ማነጻጸር፣ የተቆረጠበትን ስፍራ ማሳየትና የድምፁን መነካካት መለየት በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው። እኔና ሐሳቡን ያካፈልኳቸው ጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ጋር የገንዘብም ሆነ የአባልነት ግንኙነት እንደሌለን በጽሑፍ አረጋግጠን፣ በምርጫው ወቅት ምሽቶቻችንን ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን። የቦርዱን ጥሪ እንጠብቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

አንድ የቪዲዮ ቅንብር ባለሙያና መራጭ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ